ጎማ የተጨመረበት ጫማዬ

ጅማ መርካቶ አንድ ጫማ ሰፊ አሉ። ለ11 ዓመት የግራ ጫማዬ ሶል ላይ ጎማ ሲጨምሩልኝ ኖረዋል። መጀመሪያ አንድ ጣት ያህል ነበር፤ በኋላ ሁለት ጣት ሞላ። ግራ እግሬ ከቀኙ በ3 ሴንቲ ሜትር ያጥር ነበር።

ጎረቤት ፖሊዮ ነው ይላል። እናቴ ከአልጋ ወድቀሽ ነው ትለኛለች። ወጌሻ ዘንድም ተመላልሻለሁ። በቅቤ አሹኝ፣ ጎተቱኝ፣ ሕመሙ ባሰ። እውነቱን ያወቅኩት በ38 ዓመቴ ነው። የአጥንት ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። የዳሌ ጉድጓድ እንደ ሲኒ ጎድጎድ ብሎ የጭን አጥንትን ራስ መያዝ አለበት። የኔው እንደ ሲኒ ማስቀመጫ ዝርግ ነው። የጭኔ አጥንት ከቦታው ወጥቶ ወደ ላይ ሸሽቷል። ዲስፕላዥያ ይባላል፤ ከሕፃንነቴ የነበረ ነው። ልም አጥንቱ ስላለቀ መገጣጠሚያው ይቀየር ተባለ።

የተሠራልኝ ሕንድ ነው። ዘመድ አዋጣ፣ እኔም እቁቤን ቀድሜ ወሰድኩ። "በሮቦት" ሲሉኝ ደነገጥኩ። ማሽን ብቻውን የሚቆርጠኝ መስሎኝ ነበር። እንደዛ አይደለም። መጀመሪያ በሲቲ ስካን የዳሌዬ ሙሉ ቅርጽ ኮምፒውተር ላይ ተሠራ። ሐኪሙ አዲሱን ጽዋ፣ ማለትም ዝርጉን የዳሌ ጉድጓዴን የሚተካውን፣ የትና በስንት ዲግሪ እንደሚያስቀምጥ እዚያው ላይ አቀደ። ቀዶ ጥገናው ላይ መሣሪያውን የሚይዘው ራሱ ነው፤ የሮቦቱ ክንድ ከታቀደው መስመር እንዳይወጣ ይይዝለታል። እንደኔ ላለ ዳሌ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አጥንቱ ሳስቷል፣ ሐኪም በዓይኑ የሚመራባቸው ምልክቶችም ቦታቸውን ለቀዋል። ጽዋው ትንሽ ከተጣመመ መገጣጠሚያው ሊወልቅ ይችላል።

ሐኪሙ አንድ ነገር አልደበቀኝም። ሮቦቱ ጽዋውን በትክክል ለማስቀመጥ ይረዳል፤ አዲሱ ዳሌ ረዘም ላለ ዓመት ያገለግላል የሚለው ግን ገና አልተረጋገጠም። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት ስለ ሰውዬው ጠይቁ። እንዲህ ዓይነት ዳሌ ስንት ጊዜ ሠርቷል? እግሬን በስንት ሴንቲ ሜትር ያስረዝማል? ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ በአንዴ ከተሳበ ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ይህን የጠየቅኩት በመጨረሻው ቀን ነው። መጀመሪያ ልጠይቀው ይገባ ነበር።

በማግስቱ በዎከር ቆምኩ። ያ ቀላሉ ነበር። የተሳሳትኩት ቤቴን ሳላዘጋጅ መሄዴ ላይ ነው። ለሳምንታት ዳሌዬን ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ ተከልክያለሁ፣ እግር ማጣመርም እንደዚያው። የኛ ኑሮ ደግሞ መሬት አካባቢ ነው። ቤት በገባሁ በሁለተኛው ቀን ጎረቤት ሊጠይቀኝ መጣ፣ ቡና ተፈላ። እኔም እንደ ልማዴ ባለ ሦስት እግሯን የጅማ በርጩማ ስቤ ልቀመጥ ጎንበስ አልኩ። ወንድሜ ጮኾ ክንዴን ያዘኝ። ሽንት ቤታችንም ቁጢጥ የሚባልበት ነው። አናጢ ተጠርቶ መሐሉ ቀዳዳ ያለው ወንበር እስኪሠራ ሦስት ቀን ተሰቃየሁ። ከመሄዳችሁ በፊት አሠሩት። ወሩንም ምረጡ። እኔ የተመለስኩት በሐምሌ ነበር፤ የጅማ ጭቃ ላይ ክራንች እንዴት እንደሚያዳልጥ ነጋሪ አያሻም።

ማነከሴም ወዲያው አልተወኝም። የዳሌዬ ጡንቻ ለዓመታት ሰንፎ ነበር። በየቀኑ መስተዋት ፊት እየቆምኩ ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳየኝን ሠራሁ። ደግሞ እግሮቼ እኩል ሆነው ሳለ ግራው የረዘመ መሰለኝ። ወገቤ ጠማማውን ለምዶ ነው፤ ከወራት በኋላ ተወኝ።

የእህቴ ልጅ በቅርቡ ሴት ወለደች፤ በመቀመጫዋ የመጣች። ስድስት ሳምንት ሲሞላት ዳሌዋን በአልትራሳውንድ አስመረመርናት። እግሯን አጥብቆ ዘርግቶ መጠቅለልንም ከልክያለሁ። በአንቀልባ እግሯ ተከፍቶ መታዘል ግን ለዳሌዋ ጥሩ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጫማዎቼን በፌስታል ይዤ ጫማ ሰፊው ጋ ሄድኩ።

"ዛሬ ስንት ልጨምርልሽ ልጄ?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ይንቀሉልኝ።"

ቢላቸውን ሶሉ መሐል አስገብተው ጎማውን ቀስ ብለው ላጡት። ከዚያ ተነስተው እስከ መንገዱ ድረስ ስሄድ አዩኝ።