ጂዜል ባሕር ዳር ስትመጣ

ባሌት የማስተምረው ባሕር ዳር ነው። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ «እስክስታ እያለ?» ይላል።

የመጀመሪያውን ትርኢት ስናሳይ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግማሹ ስልኩ ላይ ተደፋ። የቀረው ልጁ መድረክ ላይ ስላለች ነው የተቀመጠው።

እኔ ጥፋቱን ውዝዋዜው ላይ ጣልኩ። ለሁለተኛው ትርኢት «ዘመናዊ ላድርገው» ብዬ ባሌቱ ውስጥ እስክስታ ቀላቀልኩበት። ትልቁ ስህተቴ ይኼ ነው። ባሌት ትከሻን ዝም አሰኝቶ አካልን ወደ ላይ ይስባል፤ እስክስታ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ትከሻ ላይ ነው። ልጆቹ ሁለቱንም ሳይዙ ቀሩ። ጎጃሜ ደግሞ በእስክስታ አይሸወድም። ከኋላ ወንበር «ትከሻው ደረቀ እኮ!» ያለው ሰውዬ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ጂዜልን መረጥኩ። በፈረንጆቹ 1841 ፓሪስ ላይ የታየች ባሌት ናት። ፓሪስ በኋላ ስትተዋት፣ ሩሲያ ውስጥ የባሌት አዘጋጁ ማሪዩስ ፔቲፓ እየጠጋገነ አቆያት። በ2016 ደግሞ የውዝዋዜ አዘጋጁ አክራም ካን ለእንግሊዝ ብሔራዊ ባሌት ሲሠራት፣ መንደርተኞቹን ከልብስ ፋብሪካ የተባረሩ ስደተኞች አደረጋቸው። እነሱ ከነኳት እኔስ ብዬ ተነሳሁ።

ታሪኩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ጭፈራ የምትወድ፣ ልቧ የሚያማት የገጠር ልጅ አለች። አንድ መስፍን የገበሬ ልብስ ለብሶ ያፈቅራታል። እጮኛ እንዳለው ሲጋለጥ ታብዳለች፣ ትሞታለች። የወይን ለቀማውን የጤፍ አጨዳ ደቦ አደረግነው፤ መስፍኑን ቁምጣ አስታጠቅነው። እርምጃውን ግን አሳጠርኩት እንጂ አልቀየርኩትም።

የከበደኝ የእጅ ቋንቋው ነበር። በባሌት የቀለበት ጣትን ማሳየት «ታጭቻለሁ» ነው፤ እጆችን ከራስ በላይ ማዟዟር «እንጨፍር»። ማን ያውቀዋል? ስለዚህ መድረኩ ጥግ አንድ አዝማሪ ከነማሲንቆው አስቀመጥኩ። ሙዚቃው ፋታ ሲሰጥ እሱ ሁለት ስንኝ ይጥላል።

በኦሪጅናሉ መስፍኑን የሚያጋልጠው የደበቀው ሰይፍ ነው። ልምምድ ላይ የአንዷ ልጅ አያት ሰይፉን ከቁብም አልቆጠሩት። «ልጄ፣ ይኼማ ገበሬ አይደለም፤ እጁን እዪው» አሉኝ። አዝማሪው ወዲያው ቀበል አደረገው፦

«ገበሬ ነኝ ይላል ቁምጣውን ታጥቆ፣
የሞፈር ስም እንጂ ሞፈር መች አውቆ።»

ሰይፉን ጣልኩት። መስፍኑን የሚሠራው ልጅ መዳፉን እንዲዘረጋ ብቻ አደረግን።

ሌላው ገንዘብ ነው። የአዳራሹ ወለል ሲሚንቶ ነው፤ በሲሚንቶ ላይ መዝለል ጉልበት ይጨርሳል። ሞራሌ ደርድረን ኮምፔንሳቶ መታንበት፤ ካለን ብር አብዛኛውን የበላው እሱ ነው። ጫፉ የደረቀውን የባሌት ጫማ ለአንዷ ልጅ ብቻ በመንገደኛ አስመጣን፤ ሌሎቹ በለስላሳ ጫማ ሠሩ። ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጀውንም ወደ ሃምሳ ደቂቃ አወረድኩት። ባሌት አዋቂ ይህን ቢሰማ ይቆጣኛል። ይቆጣ!

ያልጠበቅኩት መጨረሻው ላይ መጣ። በሁለተኛው ክፍል ተከድተው የሞቱ ልጃገረዶች መንፈሶች መስፍኑን አስጨፍረው ሊገድሉት ይነሳሉ፤ የጂዜል መንፈስ ግን የከዳትን ሰው እስኪነጋ ከሞት ትከላከልለታለች፣ ይቅር ትለዋለች። እኔ ጭብጨባ ስጠብቅ አንድ አባት ተነሱ።

«ሽማግሌ ሳይላክ፣ ካሳ ሳይቀርብ፣ ምን ዓይነት ይቅርታ ነው?»

«ሞታለች እኮ አባባ! ካሳውን ማን ይቀበላል?» አለ አንድ ወጣት።

«ወላጅ የላትም?»

በቃ፣ ተጀመረ። ልጆቹ ላባቸው ሳይደርቅ መድረኩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው አብረው ይከራከራሉ። ጥበቃው መብራት ሊያጠፋ መጥቶ፣ ቁልፉን እንደያዘ እሱም ገባበት።