አዲስ ባትሪ፣ የማይነሳ መኪና

ከመነሳታችን ሦስት ቀን በፊት የመኪናውን ባትሪ በአዲስ ቀይሬ ነበር። ዕድሜው 30 ዓመት ባለፈ የናፍጣ መኪና ተራራ ሊያቋርጥ የተነሳ ሰው በባትሪ ላይ መሰሰት የለበትም ብዬ፣ እንዲያውም ራሴን ከአስተዋዮች ተርታ አሰልፌ ነበር። መኪናው ግን ከሰነበተ ጀምሮ ሁለት ነገር ሲነግረኝ ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ እየከበደው ይዞራል፤ የነዳጅ መስጫው ፔዳልም እግር ሲያርፍበት ይጎረብጣል። ለመጀመሪያው ባትሪ ገዛሁለት፤ ለሁለተኛው የፔዳሉን ሽቦ ዘይት ቀባሁት። ሁለቱም የአንድ ሕመም ምልክቶች መሆናቸውን ማን ይጠረጥራል?

የመጀመሪያው ቀን መንገድ ሰላም ነበር። ሲመሽ ዳገቱ ራስ ላይ፣ መንገዱ ሰፋ ብሎ ጠጠር በፈሰሰበት ሜዳ አቆምንና ከታናሽ ወንድሜ ጋር መኪናው ውስጥ አደርን። ሌሊቱን ብርዱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ወረደ። እንዲህ ባለ ቅዝቃዜ ባትሪ ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ያጣል፤ የሞተር ዘይትም ይወፍራል።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቁልፉን ግማሽ ድረስ አዙሬ የማሞቂያዋ ቢጫ መብራት እስክትጠፋ ጠበቅሁ። የናፍጣ ሞተር በኤሌክትሪክ ብልጭታ አይነሳም። የእኔን በመሰሉ አሮጌ ሞተሮች አየሩ 20 እጥፍ ያህል ይታመቅና በሚፈጠረው ግለት ናፍጣው በራሱ ይቀጣጠላል። ብረቱ የቀዘቀዘ እንደሆነ ያን ግለት ይሰርቀዋል፤ ስለዚህ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ ቀድመው መጋል፣ ሞተሪኖውም ቶሎ ቶሎ ማዞር አለባቸው። መብራቷ ጠፋች። ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። አንዲት «ቀጭ»፣ ከዚያ ረዘም ያለ ማቃሰት፣ ከዚያ ዝም።

«ባትሪው ሞቷል» አለ ወንድሜ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

«አዲስ ነው እኮ!» አልኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፤ አዲስነቱን መጮህ የሚያድሰው ይመስል።

ገፍተን ልናስነሳው ሞከርን። በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ጎማዎቹ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተቱ እንጂ ሞተሩ አልዞረም። ከሁለት ሙከራ በኋላ ወንድሜ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሊያናግረኝ አልፈለገም።

ሲነጋጋ አንድ የጭነት መኪና ዳገቱን ጨርሶ ብቅ አለ። ሹፌሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። የተከፈተውን ኮፈን አይተው ቆሙልን።

«ጋሼ፣ ከእርስዎ ባትሪ በገመድ ላስነሳው?» አልኳቸው፣ ገመዱን ይዤ እየተጠጋሁ።

«የእኔ 24 ቮልት ነው፣ ልጄ። ያንተ 12 ነው። ያለህን መብራትና ሪሌ ሁሉ አቃጥለህ በእግርህ ትገባለህ።» ይህን ብለው ከመቀመጫቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ የቮልት መለኪያ ቴስተር አወጡ።

ሁለቱን መርፌዎች ባትሪው ራሶች ላይ አሳረፉ፤ 12.5 ቮልት። ወንድሜን ቁልፉን እንዲያዞር አዘዙት። ሞተሪኖው እያቃሰተ ቁጥሩ 11.4 ላይ ቆመ። «ባትሪህን አትማው። የደከመ ቢሆን ኖሮ አሁን ከ9 ተኩል በታች ይወርድ ነበር» አሉኝ። ከዚያ እኔ በሕይወቴ አድርጌው የማላውቀውን አደረጉ። አንዱን መርፌ ከባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ሳያነሡ፣ ሌላውን ቀለም ያልነካው የሞተሩ ብረት ላይ ተከሉት። «አዙር!» ቴስተሩ 3.8 አሳየ።

ኔጌቲቩና ሞተሩ አንድ መሆን ሲገባቸው በመካከላቸው ወደ 4 ቮልት የሚጠጋ ይጠፋል ማለት ነው። ግማሽ ቮልት እንኳን ይበዛበታል። በኋላ ወረቀት ላይ ሳሰላው ነገሩ ይበልጥ ገረመኝ። ሞተሪኖ 200 አምፔር ሲስብ፣ በመንገዱ ላይ የአንድ ኦም መቶኛ ብቻ የምትሆን እንቅፋት ብትኖር 2 ቮልት ትውጣለች። ዝገት ለዓይን ሳይታይ ይህን ያህል ይችላል።

የእኔን ገመድ ተቀብለው አንዱን ጫፍ ከኔጌቲቩ ራስ፣ ሌላውን ሞተሩ ከሚንጠለጠልበት የብረት ቀለበት ጋር አያያዙት። ወንድሜ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው ያን አውቀው የነበረውን የድሮ ጩኸቱን ጮኸ፤ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ፣ ነጭ ጭስ ተፍቶ ተነሳ።

ሽማግሌው ኮፈኑ ሥር አጎንብሰው አንድ ነገር በጣታቸው ሲነኩ አየሁ። የነዳጅ መስጫው ሽቦ ነበር። የፕላስቲክ ልባሱ ቀልጦ፣ እንደ ሻማ ተንጠባጥቦ ደርቋል። «ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው መመለሻው ሲበጠስበት በዚህ ይመለስ ነበር» አሉ። ሞተሩን ከቦዲው የሚያገናኘው ጠለፋ ሽቦ ስላለቀ፣ ያ ሁሉ የሞተሪኖ አምፔር እርሳስ በማያክል የፔዳል ሽቦ ሲያልፍ ሰንብቷል። ፔዳሉ የከበደው ለዚህ ነው፤ እኔ ደግሞ ዘይት እቀባው ነበር! የዲናሞውም ቻርጅ የሚመለሰው በዚያው በተበላሸ መንገድ ስለሆነ፣ አውጥቼ የጣልኩት ባትሪ ጥፋቱ ቻርጅ አለማግኘቱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ገመዱን ከሞተሩ ማራገቢያ አርቀን በጨርቅ አሰርነው። «እስክትደርስ ሞተሩን አታጥፋው» ብለው ምስጋናዬን ሳልጨርስ ማርሽ አስገቡ።

ከሰዓት በኋላ እንደደረስን መኪናው ሥር ገባሁ። ጠለፋ ሽቦው ከላይ ደህና ይመስላል፤ በሁለት ጣት ስይዘው ግን አረንጓዴ ዱቄት እያራገፈ ለሁለት ተከፈለ። አዲስ አሰርኩለት፤ ከማሰሬ በፊት የሁለቱንም ጫፍ ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈገፈግሁት። በቴስተር ስለካው 0.2 ቮልት ብቻ አሳየ። የፔዳሉንም ሽቦ ለወጥሁት። እግሬ የድሮውን ክብደት ለምዶ ስለነበር ግን፣ ለሁለት ቀን ያህል በተነሳሁ ቁጥር ሞተሩን ያለ ቅጥ ሳስጮኸው ወንድሜ ጆሮውን ይይዝ ነበር።