ዓርብ የዋለ ቫላንታይን እና የሽምብራ ውሃ ኩኪስ

በ2017 ቫላንታይን የካቲት 7 ዓርብ ቀን ነበር የዋለው፣ እኔ ደሞ ዓርብ መሆኑን ልብ ያልኩት ቅቤና እንቁላል ገዝቼ፣ ሦስት ሌሊት ዩቲዩብ ላይ አፍጥጬ፣ እሁድ ለት የመጀመሪያውን ሙከራ ጋግሬ ቤተሰቡን አብልቼ "ይሄማ ይሸጣል" ከተባልኩ በኋላ ነው። ማታ ለፍቅረኛዬ ደወልኩለትና ዓርብ የማመጣልህ ነገር አለ ስለው ትንሽ ዝም ብሎ "የሚበላ ነው? ዓርብ መሆኑን አይተሻል አይደል?" አለኝ። አላየሁም! እሱ ረቡዕና ዓርብን እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ነው የሚውለው፣ ከዛም የሚበላው የጾም ነው፣ በዛ ላይ የዛን ሳምንት ከሰኞ እስከ ረቡዕ ነነዌ ነበረች፣ ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባለው ውስጥ ቅቤ የሚነካባት ቀን ሐሙስ ብቻ ናት።

አበባ ልግዛ ብዬም አስቤ ነበር። ግን በዛ ሰሞን አበባ ሻጭ ጋ ጠጋ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አገሩ በአበባ እርሻ ሞልቶ፣ ሆለታ በሉ ዝዋይ በሉ፣ ጽጌረዳው ግን ለቫላንታይን በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ እየተጫነ ለኛ የተረፈችው አንዷ ፍሬ ላይ ዋጋው ሰማይ ነው። ኩኪሱን አልተውም አልኩ።

የጾም ኩኪስ በራሱ ብርቅ አይደለም፣ በየዳቦ ቤቱ አለ። የከበደኝ ማስዋቡ ነው፣ ምክንያቱም ያ ነጭ ድርቅ ብሎ የሚያብረቀርቀው አይሲንግ (የስኳር ቅቡ) የሚሰራው በእንቁላል ነጭ ነው። ማርጋሪንም ቢሆን "የአትክልት" ስለሚል ብቻ የጾም ነው ማለት አይደለም፣ እኔ የገዛሁትን ቤት ገብቼ ጀርባውን ሳነበው በደቃቅ ጽሁፍ የወተት ነገር አለበት ይላል፣ ተመልሼ ሌላ ገዛሁ። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ አንብቡ፣ ሰው ቢያያችሁም ይይ።

የሽምብራው ሀሳብ የመጣው ከእማዬ ንፍሮ ነው። ማክሰኞ ማታ ሽምብራ ቀቅላ ውሃውን ልትደፋ ስትል "ቆይ ቆይ እንዳትደፊው!" ብዬ ጮህኩ፣ የደነገጠችው ድንጋጤ እስካሁን አለ። በ2014 እንደ ፈረንጆቹ አንድ ጆኤል ሮሴል የሚባል ፈረንሳዊ ዘፋኝ ነው አሉ የቦሎቄና የሽምብራ ውሃ ሲመቱት እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ እንደሚሰራ ያገኘው። ሽምብራው ሲቀቀል ፕሮቲኑና ስታርቹ ወደ ውሃው ይወጣል፣ ሲመታ አየር ይይዛል፣ ነገሩ ይኸው ነው። እኛ ደሞ ስንትና ስንት ጾም ሙሉ ስንደፋው ኖረናል።

እማዬ "የሽምብራ ውሃ ለፍቅር?" ብላ ስቃ ልትሞት።

የመጀመሪያው አልሆነም፣ ለንፍሮ የተቀቀለ ስለሆነ ጨው ነበረበት፣ ስኳር ጨምሬ ቀመስኩት እና ኦአርኤስ ነው የሚመስለው። ረቡዕ ራሴ አዲስ ሽምብራ ቀቀልኩ፣ ማታ የዘፈዘፍኩበትን ውሃ ደፍቼ በንጹህ ውሃ፣ ያለ ጨው፣ ሽምብራው በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ። ከዛ ፍሬውን አውጥቼ ውሃውን ብቻውን እሳት ላይ መለስኩትና ከማንኪያ ሲወርድ ልክ እንደ እንቁላል ነጭ ዝልግልግ እስኪል አስቀነስኩት። ፍሪጅ አሳድሬ በእጅ መምታት ጀመርኩ፣ ክንዴ እስኪዝል መታሁት፣ ምንም የለም፣ የጎረቤት ሚክሰር ተዋስኩ፣ ሰባት ደቂቃ ገደማ ላይ ነጭ በረዶ ሆነ። እማዬ ጣቷን ነክራ ቀመሰችና ምንም አላለችም፣ እንደገና ነከረች።

ስኳሩ ሌላ ጣጣ ነው። ዱቄት ስኳር መግዛት ትችላላችሁ፣ እኔ ግን ቁጠባ ብዬ ነጩን ስኳር በቡና መፍጫ ፈጨሁት። ለዓይን ዱቄት ነው፣ ጣት ላይ ግን ሸከር ይላል፣ እና አይሲንጉን ጨምቄ የምጽፍበት የፌስታል ቀዳዳ ላይ እየተሰነቀረ ሁለት ጊዜ ፌስታሉ ጎኑን ቀደደ። ሁለቴ በወንፊት ነፍቼ ትንሽ የበቆሎ ስታርች ስጨምርበት ነው የተስተካከለው። መጠኑ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ውሃ ለ250 ግራም ስኳር፣ ሎሚ ጥቂት ጠብታ። ዳሩን ለመስመር ወፍራም፣ መሀሉን ለመሙላት ቀጠን ያለ፣ ቀጠን ያለው ልክ መሆኑን የማውቀው በቢላ መስመር ስሰራበት ቀስ ብሎ አስር አስራ አምስት እስክቆጥር ድረስ ሲጠፋ ነው። ቶሎ ከጠፋ ከኩኪሱ ጫፍ ይፈሳል፣ ስኳር ጨምሩ።

ሊጡ 300 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 150 ግራም የሚረጋ የአትክልት ዘይት፣ 100 ግራም ስኳር፣ ቫኒላ፣ ቁንጥር ጨው፣ እና የእማዬ የተፈጨ ኮረሪማ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ኮረሪማውን በግምት ነው የጨመርኩት፣ ከዛ ወዲህ ያለሱ ጋግሬ አላውቅም። እዚህ ጋ የገባኝ ነገር ቢኖር የገበታ ቅቤ ውስጡ ውሃ አለው፣ የሚረጋው ዘይት ግን የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ሊጡ እንደ አሸዋ ይፈረፈራል እና ቀዝቃዛ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ ነው የምትሰበስቡት፣ እኔን ሦስት ተኩል ፈጀብኝ። በጋ ስለሆነ ዱቄቱም ደርቋል።

ቤኪንግ ፓውደሩን ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። እሁድ በፈረንጆቹ ልክ ጨምሬ ልቦቹ አብጠው ተነፋፍተው ድንች ነበር የመሰሉት። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ሊጥ ውስጥ ያለ ጋዝ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል፣ ውሃም እኮ እዚህ 100 ሳይደርስ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ለተራ ኩኪስ ችግር የለውም፣ ቅርጽ ለሚወጣለት ግን ገደል ነው። ግማሽ ሳንቲም ውፍረት ዳምጬ፣ ቅርጽ ካወጣሁ በኋላ ከነትሪው ሩብ ሰዓት ፍሪጅ ከትቼ ነው ኦቨን የማስገባው፣ ጠርዙ ያኔ አይፈስም። ቅርጽ ማውጫውንም ከቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ነው የሰራሁት፣ በመቀስ ቀጭን ቀበቶ ቆርጬ በፒንሳ አጥፌ፣ አንዱ ጎኑ ትንሽ ወፍሯል፣ ጣቴም ተቆርጧል፣ ጓንት አድርጉ።

ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሁለተኛው ትሪ ገብቶ አራት ደቂቃ ሳይሞላው መብራት እልም። ኦቨኑን ሳልከፍት ጠበቅኩ፣ አልመጣም፣ ከዛ በጭንቀት አውጥቼ ብረት ድስት ውስጥ ጋዝ ላይ ልጨርሰው ሞከርኩ፣ ታቹ ከሰል ላዩ ጥሬ። አስር ልቦች እንዲህ ሄዱ። ቢያንስ እዛው ኦቨኑ ውስጥ ብተዋቸው በቀረው ሙቀት ይሻላቸው ነበር።

ቀለሙን በቀይ ስር አሰብኩ። ሊጡ ውስጥ የጨመርኩት ጥሬውን ሮዝ፣ ሲበስል ደሞ የሽሮ መልክ ሆኖ ወጣ፣ የቀይ ስር ቀለም ሙቀት አይወድም። አይሲንግ ላይ ግን የማይጋገር ስለሆነ በጣም ያምራል፣ ፈቅፍቃችሁ በጨርቅ ጨምቁት እና በጠብታ፣ እኔ በማንኪያ ገልብጬበት ሾርባ አድርጌው ነበር። ለደማቁ ቀይ ከርከዴ በጥቂት ውሃ አፍልቼ አወፈርኩት፣ ሎሚው ሲነካው ቀለሙ ቦግ አለ።

ከ14 ልብ ሦስቱ ላይ "ፍ"፣ "ቅ"፣ "ር" ጻፍኩ፣ ሌሎቹ ነጠብጣብ ብቻ ናቸው። ፊደላችን በአይሲንግ ሲጻፍ ቀልድ የለም፣ ቅ'ን ከቀ የምትለያት ያቺ ትንሽ ቅጥል ሁለት ጊዜ ቀልጣ "ፍቀር" ሆኖብኝ በጥርስ መጎርጎሪያ ፍቄ ነው ያቃናሁት። ለሊት 8 ሰዓት ጨረስኩና ድመት እንዳይነካው ብዬ በፌስታል ሸፈንኩት፣ አትሸፍኑ! እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ሁለቱ ላይ ቀዩ ወደ ነጩ ተሰራጭቶ የደማ ፋሻ መስሏል። የቀሩትን ገልጬ ተውኳቸው፣ የየካቲት አየር ደረቅ ስለሆነ እስከ ጠዋት ጠንክረው ጠበቁኝ።

የደሙትን ሁለቱን ትቼ አስራ ሁለቱን በካርቶን አሽጌ 5 ሰዓት ላይ በሞተር መስሪያ ቤቱ ላክሁ። እሱ ስብሰባ ላይ ነበር፣ ካርቶኑን እንግዳ ተቀባይዋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት፣ ጎኑ የሚቀመጠው ልጅ ደሞ የማይጾም ሆነና "ስንት ነገር ነው ይሄ" ብሎ ከፈተ፣ አይሲንግ የበዛባትን መርጦ በላ።

8 ሰዓት ሊሆን ሲል ፎቶ መጣልኝ። መሀል ላይ ባዶ ቦታ፣ ከጎኑ ሁለት ልብ፣ "ቅ" እና "ር"። ስር ላይ "ምን ቅር አሰኘሽ? ምን አጠፋሁ?" ይላል። እኔ እንቅልፍ አጥቼ ዓይኔ ቀልቶ፣ መጀመሪያ የሚያሾፍ አልመሰለኝም፣ ደውዬ "ፍ'ዋ የታለች?!" ብዬ ስጮህ ከጀርባ ሰው ሲስቅ ሰማሁ።

9 ከሩብ ላይ ሌላ ፎቶ ላከ። ካርቶኑ ውስጥ "ር" ብቻዋን ቀርታለች።