ግርጌ ያጣው የግርጌ ማስታወሻ

ሲጻፍ ዲ፣ ሦስት ኤስ፣ ከዚያ ኤል ነው፤ ሲነበብ ግን ዲስል ይባላል። ምን እየሠራህ ነው ሲሉኝ «ዲስል» ብዬ ስመልስ ጄኔሬተር የምጠግን የመሰለው ሰው አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1996 የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ነው፤ በኤስ.ጂ.ኤም.ኤል (የሰነድን ክፍሎች በምልክት በሚለይ ቋንቋ) የተጻፈ ሰነድ ወረቀት ላይ ሲወርድ ምን መምሰል እንዳለበት የሚነገርበት ቋንቋ። መሠረቱ ስኪም የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስለሆነ ሁሉ ነገር የሚኖረው በቅንፍ ውስጥ ነው።

ሥራው እኔ ላይ የወደቀው ቀድሞ የያዘው ባልደረባ ሲለቅ ነበር። ርክክባችን ግማሽ ሰዓት አልሞላም። «ስኪም ከቻልክ ሌላው ቀላል ነው» ብሎኝ ሄደ። ስኪም እንደማልችል ያውቅ ነበር።

መጽሐፍ ፈለግሁ። ለኤች.ቲ.ኤም.ኤል በየወሩ አዲስ መጽሐፍ በሚወጣበት ዘመን እኔ እጅ የገባው ራሱ ስታንዳርዱ ነው። ስታንዳርድ ደግሞ የሚጻፈው ፕሮግራሙን ለሚሠራው እንጂ ለሚማረው አይደለም። አንዱን ቃል ለመረዳት የሚያስፈልገው ሌላ ቃል ብዙ ገጽ አልፎ ይገኛል፤ እሱም መልሶ ወደ መጀመሪያው ይልካል። ይባስ ብሎ እዚያ የተጻፈው ሁሉ አይሠራም። ዲስልን ለማስፈጸም የምንጠቀምበት ፕሮግራም ጄድ፣ ጄምስ ክላርክ የሠራው፣ ከስታንዳርዱ የሚተገብረው ከፊሉን ብቻ ነበር። ውስብስብ ገጾችን በዓምድ የሚያደራጀውን ክፍል ሦስት ቀን አጥንቼ ስጨርስ ጄድ ጭራሽ እንደማያውቀው ተረዳሁ።

የግርጌ ማስታወሻው ጉዳይ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ሰነዶቻችን ለቴክኒክ መጻሕፍት በተዘጋጀው የኤስ.ጂ.ኤም.ኤል ዓይነት፣ በዶክቡክ፣ የተጻፉ ሲሆኑ፣ መልካቸውን የሚወስኑት የዲስል ስታይል ፋይሎችም ኖርማን ዋልሽ ያዘጋጃቸው ነበሩ። ማስታወሻዎቹ ከየገጹ ሥር መቀመጥ ሲገባቸው በክፍሉ መጨረሻ ተሰብስበው ይወጣሉ። አለቃዬ የታተመውን ይዞ መጣ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የግርጌ ማስታወሻ ነው።»

«ግርጌው የት አለ?»

ዝም አልሁ።

«የግርጌ ማስታወሻን ከግርጌ አድርግ ነው ያልሁህ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።»

እውነትም የአንድ ፊደል ሥራ ይመስል ነበር። በመለኪያዎቹ ፋይል ውስጥ «ከገጽ ሥር ይሁኑ?» የሚል መለኪያ አለ፤ እሴቱ ኤፍ፣ ማለትም ሐሰት ነው። ወደ ቲ ቀየርሁት። አሠራሁት። ማስታወሻዎቹ ከነበሩበት ንቅንቅ አላሉም። ቅንፍ አጉድዬ እንደሆነ ቆጠርሁ፤ ልክ ነው። ሌላ ፋይል እየተነበበ እንደሆነ መረመርሁ፤ አይደለም። ከዚያ በራሴ ቅንፎች የራሴን የግርጌ ማስታወሻ ልጽፍ ተነሣሁና ሁለት ሳምንት በላሁ። ማታ ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ የመዝጊያ ቅንፍ ሰልፍ ነበር።

በመጨረሻ የሕትመት ክፍሉን አንጋፋ ባለሙያ አማከርኋቸው። ዲስል አያውቁም፤ ኮምፒውተርም ብዙ አይወዱም። መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን አዩና፣

«የምታወጣው በምንድን ነው?» አሉኝ።

«በአር.ቲ.ኤፍ ነው፣ ዎርድ እንዲከፍተው።»

«ታዲያ ይህ በቴክ ብቻ ነው የሚሆነው ይላል እኮ» አሉ፤ ቴክ የተባለውን የገጽ ማደራጃ ፕሮግራም ማለታቸው ነው።

«የት ላይ ይላል?»

በጣታቸው አሳዩኝ። በመለኪያው ስምና በእሴቱ መካከል፣ ማለትም ያችን አንዲት ፊደል ለመለወጥ ጠቋሚውን በላዩ ባሳለፍሁበት ቦታ፣ አጭር ማብራሪያ ተቀምጧል፦ አውጪው የገጽ ግርጌን የማይደግፍ ከሆነ መለኪያው ችላ ይባላል፤ ለጊዜው የሚደግፈው ቴክ ብቻ ነው።

ያን ቀን ሲመሽ አሥር ጊዜ ያህል «መጽሐፍ ቢኖር ኖሮ» አልሁ። እሳቸው አንዴም አልመለሱልኝም። ዛሬም ቢሆን መጽሐፍ ቢኖር ኖሮ እላለሁ፤ ብቻ እሳቸው ባሉበት አልልም።

በማግስቱ በቴክ አወጣሁት። ማስታወሻዎቹ እያንዳንዳቸው ከገጻቸው ሥር፣ ከቀጭን መስመር በታች ተደርድረው ወጡ። አትሜ ለአለቃዬ ወሰድሁለት። ገልበጥ ገልበጥ አደረገና ደስ አለው።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለ። «በል አሁን በዎርድ ላክልኝ፤ ደንበኛው ራሱ ሊያርመው ይፈልጋል።»