ባላንስ ሳይመጣ መሄድ

ዛሬም ሌሊት 10 ሰዓት ተነሳሁ። ማለቴ አላርሙ በ10 ጮኸ፣ እኔ የተነሳሁት ለ11 ሩብ ጉዳይ ነው፣ እሱንም እማዬ ለኪዳን ስትወጣ በሬን አንኳክታ ነው። ፍልሰታ ስለሆነ በዚህ ሰዓት ቤታችን ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚነቃው፣ እሷ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ቤተክርስቲያን፣ እኔ ጋቢ ተከናንቤ ወደ ላፕቶፕ። "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ፈተና መቼ ነው የሚያልቀው?" አለችኝ። መስከረም አልኳት። "አምናም መስከረም ብለሽኝ ነበር" ብላ ዝናቡ ውስጥ ገባች። እውነቷን ነው።

ፈተናው ጂማት ነው። ውጪ ኤምቢኤ ለመማር ብዙ ቢዝነስ ስኩሎች የሚጠይቁት። በ2023 መጨረሻ የወጣው አዲሱ ሶስት ክፍል አለው፣ ኳንት (ሒሳቡ) 21 ጥያቄ፣ ቨርባል (የእንግሊዝኛ ንባቡ) 23፣ ዳታ ኢንሳይትስ የሚሉት (መረጃ ማገናዘቡ) ደሞ 20፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ። ጂኦሜትሪ ወጥቷል ሲባል እቤት ውስጥ ብቻዬን እልል ብያለሁ። ውጤቱ ከ205 እስከ 805 ነው፣ ሁሌ በ5 ነው የሚያልቀው፣ ከድሮው ውጤት ጋር እንዳይምታታ ተብሎ። የድሮው 700 በአሁኑ 645 አካባቢ ነው፣ እኔም የምፈልገው እሱን ነው። የመጀመሪያውን ሞክ (የልምምድ ፈተና) ስሰራ 495 አመጣሁ፣ ባለፈው እሁድ 565። በመሀል ያለውን ስምንት ወር አትጠይቁኝ። ሰኔ ብቻውን በክሎዚንግ፣ የዓመቱን ሒሳብ በመዝጋት፣ አልቋል፣ ባንክ የሚሰራ ሰው ይገባዋል።

ሰው ሁሉ የሚመስለው ሰራተኛ ሆኖ ማጥናት ከባድ የሚሆነው ሰዓት ስለሌለ ነው። ሰዓት የለም፣ ልክ ነው። ከአያት ሰንጋ ተራ ድረስ ሄጄ 2 ሰዓት ላይ ወንበሬ ላይ መሆን አለብኝ፣ ቅዳሜም ግማሽ ቀን አለ፣ እሁድ ደሞ ለቅሶ ወይ ሰርግ ወይ ዕቁብ አይጠፋም። ባቡር ውስጥ ቆሜ የሰው ብብት ስር ሆኜ ቨርባል አነባለሁ። ግን ለሰዓቱ መላ ይገኝለታል፣ እንቅልፍን መቀነስ ነው። እኔን ያቃተኝ ሌላ ነገር ነው፣ እና ምን እንደሆነ የገባኝ በቅርብ ነው።

ባንክ ስገባ የጀመርኩት ቴለር ሆኜ ነው፣ አራት ዓመት። ቴለር የሆነ ሰው ያውቃል፣ ማታ ባላንስ ካልመጣ፣ በእጅህ ያለው ብርና መዝገቡ እኩል ካልሆነ፣ ቤት አይኬድም። አንዴ 40 ብር ሾርቴጅ መጥቶብኝ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቲኬት በቲኬት ስንፈልግ አምሽተናል። ከኪሴ ልክፈለውና እንሂድ ብል ኃላፊያችን "ገንዘቡ አይደለም ጉዳዩ፣ የት እንደሄደ ማወቅ አለብን" አሉ። መጨረሻ ላይ 70 የሚለው 30 ተብሎ ተመትቶ ተገኘ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ዲግሪዬን ስቀበል አልተሰማኝም።

ጂማት ይሄን ጸባይ ነው የሚቀጣው። ኳንት ላይ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ ከምናምን ሰከንድ ነው ያለህ፣ ሳትመልስ ወደሚቀጥለው ማለፍ አይቻልም፣ ምልክት አድርገህ መጨረሻ ላይ ልትመለስ ትችላለህ ግን በአንድ ክፍል ከሶስት በላይ መልስ መቀየር የለም። ያልጨረስከውን ደሞ ይቀንስብሃል። ስለዚህ አንዳንዱን ጥያቄ ገምተህ ጥለኸው መሄድ ግድ ነው። እኔ ጥዬ መሄድ አልችልም! እሁድ ዕለት ዘጠነኛው ጥያቄ ሁለት ቧንቧ ታንከር ሲሞላ የሚል ነበር። እኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፣ ሁለት ቧንቧ አብሮ ሲወርድ ማሰብ ራሱ ይከብደኛል፣ ብቻ አምስት ደቂቃ ሙሉ ይዤው ቀረሁ። አገኘሁት ደሞ። ከዛ የመጨረሻዎቹን አራት ጥያቄዎች ሳላነብ ነካ ነካ አድርጌ ጨረስኩ፣ ሁለቱን በኋላ ሳያቸው ዘጠነኛ ክፍል የምንሰራቸው አይነት ናቸው።

ካልኩሌተርም የለም ኳንት ላይ። እኔ 7 ሲባዛ በ8ን ራሱ በካልኩሌተር ካላረጋገጥኩ ፊርማ የማላኖር ሰው ነኝ።

ዳታ ሰፊሸንሲ የሚባለው የጥያቄ አይነት ደሞ ጉድ ነው። መልሱን አይጠይቅህም፣ የተሰጠህ መረጃ መልሱን ለማግኘት ይበቃል ወይ ነው የሚልህ። ለምሳሌ የአንድ ሱቅ የወር ትርፍ ስንት ነው ይላል፣ አንደኛ ሽያጩ 80,000 ብር ነው፣ ሁለተኛ ወጪው የሽያጩ ሶስት አራተኛ ነው። እኔ ቁጭ ብዬ 20,000 ብዬ አወጣዋለሁ፣ ማንም አልጠየቀኝም እኮ፣ "ለየብቻ አይበቁም፣ ሁለቱ አንድ ላይ ይበቃሉ" ብሎ ማለፍ ነው። ልጅ ሆነን ስቴፑን ካላሳየህ ማርክ የለም እየተባልን ስላደግን ይመስለኛል፣ አውቆ ማቆም የሚባል ነገር ማንም አላስተማረንም። የሚያስቀው አሁን ክሬዲት (ብድር) ክፍል ነው የምሰራው፣ ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰውን የማደርገው ይሄንኑ ነው፣ ፋይሉን አይቼ ይሄ ሰነድ ለውሳኔ ይበቃል፣ ይሄ አይበቃም፣ ባለጉዳዩን መልሱት። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ግን ያ ሁሉ ልምድ የት እንደሚሄድ እንጃ።

የክፍያው ነገርም አለ። ፈተናው ከ250 ዶላር በላይ ነው፣ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ወደ ብር ስመታው ማየት አቆምኩ። ባንክ ተቀምጬ ለራሴ ዶላር መክፈል ስላቃተኝ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች የአክስቴ ልጅ በካርዷ ከፈለችልኝ። ስመዘገብ ላስት ኔም ሲለኝ ደሞ ቆሜ ቀረሁ፣ የአባቴን ልጻፍ የአያቴን፣ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ካልሆነ በር ላይ ይመልሱሃል። የአክስቴ ልጅ "ብትወድቂስ?" ስትለኝ ከ16 ቀን በኋላ እንደገና መፈተን ይቻላል አልኳት። "አይ ጥሩ፣ እንደ ፍልሰታ" አለች፣ በ16 ነው የሚፈታው ለማለት። ሁለተኛውን እንደማትከፍልልኝም ጨመረችበት።

መስሪያ ቤት ለማንም አልተናገርኩም። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ "ሰሞኑን ምን ሆነሻል ትፈዢያለሽ፣ ሰው ያዝሽ እንዴ?" ብላኛለች፣ ዝም ብዬ ሳቅኩ፣ እንደዛ ብታስብ ይሻለኛል።

ዛሬ ማታ ለራሴ ህግ አወጣሁ። ስልኬ ላይ ሶስት ደቂቃ ሞላሁ፣ ሲጮህ ጥያቄው የት ደረጃ ላይ ቢሆንም አንዱን ነክቼ ማለፍ። እስከ 16ኛው ጥሩ ሄደ። 17ኛው ላይ ጮኸብኝ፣ ሁለት እኩልታ ጽፌ ሶስተኛው ላይ ነበርኩ፣ እጄን እንደምንም አንስቼ ቢ ብዬ አለፍኩ። 21ንም ጨረስኩ፣ ሁለት ደቂቃ ተርፎኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ደስ ብሎኝ ላፕቶፑን ዘግቼ ተኛሁ።

አሁን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኗል። መብራት ጠፍቷል፣ በስልክ ባትሪ ደብተሬን ፈልጌ 17ኛውን አሁን ጨረስኩት። ዲ ነው።