ተጋጣሚን የሚያበሽቅ ዴክ እንዴት ሠራሁ

ፖኬሞን ቲሲጂ ፖኬት የሚባለው የስልክ የካርድ ጨዋታ ላይ ገንዘብ አላወጣም። ማውጣት ብፈልግ እንኳ በዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝም። እዚህ ጎንደር የማውቃቸው ተጫዋቾችም እንደዚያው ናቸው። ጨዋታው በቀን ሁለት ፓክ (እሽግ ካርድ) በነፃ ይሰጣል፣ እኛም በሷ እንኖራለን። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚመካበት ኢኤክስ የሚባለው ኃይለኛ ካርድ እስኪወጣልኝ ከምጠብቅ፣ ባለኢኤክሱን ሥራ የሚያስፈታ ዴክ (የምጫወትበት የካርድ ጥቅል) ልሥራ አልኩ።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ። ዴኩ 20 ካርድ ነው። አንድ ዓይነት ካርድ ከሁለት በላይ አይገባም። ቀድሞ 3 ነጥብ የያዘ ያሸንፋል። የተጋጣሚህን ተራ ፖኬሞን መትተህ ከጣልክ 1 ነጥብ፣ ኢኤክስ ከጣልክ 2 ታገኛለህ። እዚህ ላይ ድሃ መሆን ይጠቅማል። ባለኢኤክሱ ሁለት ኢኤክስ ከወደቀበት አለቀለት። እኔን ለማሸነፍ ግን ሦስት ጊዜ መጣል አለበት።

የዴኬ አከርካሪ ዊዚንግና አርቦክ የሚባሉ ፖኬሞኖች ናቸው። ሁለቱም ጨዋታው ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሲጀምር ከወጣው ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። ዊዚንግ ፊት ላይ ከቆመ በየተራዬ አንዴ ተጋጣሚውን ይመርዛል። ለምት የሚከፈለውን ኢነርጂ አይጠይቅም። መርዙ ተራ ባለቀ ቁጥር ከተመረዘው ሕይወት 10 ይቀንሳል፤ የኔም ተራ ሲያልቅ፣ የሱም ሲያልቅ። ጉዱ፣ የተመረዘው ወደ ቤንች (ከኋላ ወዳለው የተጠባባቂዎች ቦታ) ከሸሸ መርዙ ይለቀዋል። አርቦክ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ኮርነር የሚባለው ምቱ ከሕይወት 60 ይቀንሳል፣ የተመታውም በሚቀጥለው ተራ መሸሽ አይችልም። አንዱ ይመርዛል፣ አንዱ በር ይዘጋል።

ሁለቱን የሚያገናኛቸው ኮጋ የሚባል ካርድ ነው። ዊዚንግ ፊት ቆሞ ሲያበሽቅ፣ ኢነርጂዬን በሙሉ ቤንች ላይ ለተቀመጠው አርቦክ እሰጣለሁ። አርቦክ ሲዘጋጅ ኮጋን አወጣለሁ። ዊዚንግ ቁስሉን ጥሎ ወደ እጄ ይመለሳል፣ አርቦክ ፊት ይወጣል። ዊዚንግን ሊጥል አንድ ምት ብቻ የቀረው ሰው ነጥቡ ከአፉ ተነጠቀ ማለት ነው። ፊቱን ባየው እላለሁ አንዳንዴ።

ፊቱን ያየሁበት ጊዜም አለ። ፒያሳ አንድ ማኪያቶ ቤት ከጓደኛዬ ጋር በይለፍ ቃል ገጠምን። እሱ ስታርሚ ኢኤክስ ይዟል። ስታርሚ 130 ሕይወት አለው፣ በሁለት ኢነርጂ 90 ይመታል፣ ሲሸሽ ደግሞ ምንም ኢነርጂ አይከፍልም። እንዲህ ያለውን ዛሬ መርዘህ ነገ እዘጋበታለሁ ብትል ነገ የለም፤ ሁሉም በአንድ ተራ መሆን አለበት። እጁን ቆጠርኩ፣ ስድስት ካርድ ይዟል። በዊዚንግ መረዝኩት። ሬድ ካርድ የሚባለውን ጣልኩ፤ እጁን ወደ ዴኩ መልሶ ሦስት ብቻ ሳበ። ከዚያ ኮጋ። ከዚያ አርቦክ በኮርነር 60።

ተራዬ ሲያልቅ መርዙ 10 ቀነሰለት። እሱ በ90 መለሰልኝ። አርቦክ 100 ሕይወት ስላለው በ10 ተረፈ። የሱ ተራ ሲያልቅ መርዙ ሌላ 10። ተራው ደረሰኝና ደግሜ 60። ድምሩ 140፣ ስታርሚ ወደቀ። መርዙ ባይኖር 120 ላይ ቆሞ በ10 ያመልጠኝ ነበር።

«ጆቫኒዬን እኮ ነው የበተንክብኝ!» አለ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ። ጆቫኒ ምት ላይ 10 የሚጨምር ካርድ ነው። እጁ ላይ ቆይቶለት ቢሆን የሱ 90 መቶ ይሆን ነበር፣ አርቦክም አበቃለት።

ሬድ ካርድን ሰው እንደያዘው የሚጥለው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ተጋጣሚህ ሁለት ካርድ ይዞ ሳለ ከጣልክበት ሦስት አድርገህ መረቅከው። የተጋጣሚ እጅ ስንት ካርድ እንዳለው ስክሪኑ ላይ ይታያል፣ አይቶ መጣል ነው። ማርስ የምትባለው ካርድ ደግሞ የምትከፋው መጨረሻ ላይ ነው። ተጋጣሚው ለማሸነፍ የቀረውን ነጥብ ያህል ብቻ ነው የሚስበው። 2 ነጥብ ይዞ «ጨረስኩ» ሲል አንድ ካርድ ይዞ ይቀራል።

ሳብሪና የምትባለው ካርድ የተጋጣሚን ፊት ያለውን ወደ ቤንች ታባርራለች፣ ማን እንደሚወጣ የሚመርጠው ግን ተጋጣሚው ነው። ቤንቹ ላይ ደህና ነገር ካለው ዝም በል። ኢነርጂ ያልያዘ ግዙፍ ብቻ ሲኖረው ግን አውጣና በኮርነር እዚያው ቸንክረው። ደግሞ ሳብሪናም፣ ኮጋም፣ ማርስም ሰፖርተር የሚባለው የካርድ ዓይነት ናቸው፣ በአንድ ተራ ከአንድ በላይ አይወጣም። ሬድ ካርድ ግን አይተም የሚባለው ሌላ ዓይነት ስለሆነ ከማንኛቸውም ጋር ይሄዳል።

የአጎቴ ልጅ ይህን ሁሉ አይቶ ዴኩን በአብሻቂ ካርድ ብቻ ሞላው። ሦስት ፖኬሞን ብቻ ቀረለት፣ ሲያበሽቅ ውሎ የሚመታበት ያጣል። «ወንድም ጋሼ፣ ይሄ እኮ ተንኮል ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም» ይላል አሁን። እኔ ጋ ስምንቱ ፖኬሞን ናቸው፣ ስምንቱም ይመታሉ። ካርድ መሳቢያዎቹን ፕሮፌሰርና ፖኬ ቦልም ሁለት ሁለት ይዣለሁ፤ እነሱን የቀነሰ ዴክ ሲንተፋተፍ ነው የሚውለው።

የማይቻሉም አሉ። ፋይቲንግ የሚባለው ዓይነት ዴክ ከመጣ፣ ድክመታችን እሱ ስለሆነ ምቱ ላይ 20 ይጨመርብናል፣ ቶሎ ነው የምናልቀው። ሌላው መብራት ነው። ይህ ዴክ ጨዋታ ያስረዝማል፣ ዋይፋዩ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፣ ሰዓቱ ግን አይጠብቅህም። ስለዚህ ዳታ ካልሞላሁ ደረጃ የሚቆጠርበት ጨዋታ ውስጥ አልገባም።

ጥር 2017 ላይ ሳይረስ የሚባል ካርድ ወጣ። ቤንች ላይ ከተቀመጡት ጉዳት ያለበትን አንዱን መርጦ ወደ ፊት ይጎትታል። መርዝ ቀምሶ የሸሸ ሁሉ ጉዳት አለበት። አንዷን ሳብሪና አውጥቼ እሱን አስገባሁ፣ ሁለተኛዋንም እያየኋት ነው።