ሆፕኪንተን ላይ ቁልቁለቱ ያታልላል

ዛሬ ቦስተን ማራቶን ላይ እግራቸው የተሳሰረባቸው ሯጮች ዳገቱን ሲወቅሱ ዋሉ። ነገሩ የተበላሸው ግን ጠዋት ነው። ከመነሻዋ ትንሽ ከተማ ከሆፕኪንተን ሲነሱ የመጀመሪያዎቹ 6 ኪሎ ሜትሮች በአብዛኛው ቁልቁለት ናቸው። ትንፋሽ አይከብድም፤ የፊት ጭን ጡንቻ ግን እየተለጠጠ ፍሬን ስለሚይዝ እዚያው ይጎዳል። ሕመሙ የሚሰማው መንገድ ላይ ያለችው ኒውተን ከተማ ሲደርሱ ነው። ከ26ኛው እስከ 34ኛው ኪሎ ሜትር አራት ዳገት አለ። የመጨረሻው፣ "ልብ ሰባሪ" የሚሉት፣ ርዝመቱ 600 ሜትር ገደማ፣ ከፍታው 27 ሜትር ብቻ ነው። እንጦጦን ለለመደ እግር ይህ ምን አላት! ክፋቱ ጉልበት በሚያልቅበት ሰዓት መምጣቱ ነው።

ስለዚህ ሲወርዱ እርምጃ አሳጥሮ፣ በተረከዝ ሳይመቱ፣ በኪሎ ሜትር 5 ሰከንድ ያህል ዘግየት ማለት። ጄሉን (ኃይል ሰጪውን ዝልግልግ ምግብ) 25ኛው ኪሎ ሜትር ላይ በውሃ መውሰድ፤ ዳገት ላይ ከተዋጠ ሆድ ይረብሻል። ሽቅቡን በሰዓት ሳይሆን በትንፋሽ መለካት። ልምምድ ላይም ቁልቁል መሮጥ አይዘለል፤ ብዙው ሰው ሽቅቡን ብቻ ነው የሚሠራው።